ከርነሉ የጻፈውን ማንበብ

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ዋይፋይ እምቢ አለኝ። ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ጓደኛው በፍላሽ የሰጠውን የቆየ ሊኑክስ ከጫነ ሁለት ቀኑ ነው። ስክሪኑ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፣ ካሜራውም ይሠራል፤ የዋይፋዩ ምልክት ግን ጭራሽ የለም። በሰፈራችን የኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ስለሆነ ልጁ የጠየቀኝ ሲባል የሰማውን ነው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደጻፈ እንይ» አልኩትና ተርሚናሉን ከፈትኩ። ዲሜስግ የሚባለውን ትእዛዝ ስሰጠው ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ተሞላ። እያንዳንዱ መስመር የሚጀምረው በቁጥር ነው፤ ማሽኑ ከበራ ስንት ሰከንድ እንደሆነው የሚናገር ቁጥር። በመጀመሪያው ሰከንድ ሜሞሪውን ቆጥሯል፣ ቀጥሎ ዲስኩን አግኝቷል፣ ከዚያ ኪቦርዱን። አምስተኛው ሰከንድ ሊሞላ ሲል ደግሞ የዋይፋይ ካርዱን አግኝቶ አንድ ፋይል ፈልጓል፤ ፋይሉን መጫን እንዳልቻለም ጽፏል። የመስመሩ መጨረሻ «ስህተት -2» ይላል።

ይህን የሚጽፈው ከርነሉ ነው። በጥብቅ አነጋገር ሊኑክስ ማለት ከርነሉ ብቻ ነው፤ መስኮቶቹና ብራውዘሩ ከላይ የተደረቡ ናቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይኸው ከርነል ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ አለ። ሥራው በፕሮግራሞቹና በሃርድዌሩ መካከል መቆም ነው፤ ፕሮሰሰሩን ማን በተራው እንደሚይዝ፣ ሜሞሪ ለማን ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ቋንቋ ስላለው ከርነሉ ያለ አስተርጓሚ አያነጋግረውም። አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል፤ ከከርነሉ ኮድ ከግማሽ የሚበልጠውም ድራይቨር ነው።

ከርነሉ የትኛውን አስተርጓሚ ለየትኛው ካርድ እንደሚጠራ የሚያውቅበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ካርድ የሠሪውንና የሞዴሉን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የኢንቴል የሠሪነት ቁጥር 8086 ነው፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ ካርዶቹን አንድ በአንድ ቁጥራቸውን ይጠይቃል፤ ድራይቨሮቹም «እኔ የማስተናግደው እነዚህን ቁጥሮች ነው» የሚል ዝርዝር አላቸው። ቁጥሩ ከተገኘ ድራይቨሩ ይጫናል፤ ካልተገኘ ካርዱ እዚያው ተሰክቶ ባይተዋር ሆኖ ይቀራል። ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትእዛዝ ካርዶቹን ከነቁጥራቸው፣ የያዛቸውን ድራይቨር ጨምሮ ማሳየት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ከርነሉ ካርዱን አይቶታል ወይስ አላየውም?» የሚለው ነው። ካላየው ነገሩ ያለው ከሶኬቱ፣ ከኬብሉ ወይም ከባዮስ ማስተካከያው ነው እንጂ ከድራይቨሩ አይደለም፤ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግም ለውጥ የለውም።

የልጁ ካርድ ታይቷል፣ ድራይቨሩም ተገኝቷል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች በውስጣቸው የራሳቸው ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው፤ እሱ የሚሠራበት ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ፈርምዌሩ ከካርዱ ሜሞሪ ስለሚጠፋ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንስቶ ሊያጎርሰው ግድ ነው። «-2» በዩኒክስ ዓለም «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ማለት ነው። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ የሚጎርሰው ግን አልቀረበለትም።

ፈርምዌሩ ለምን ከመጀመሪያው አብሮ አይመጣም? ነገሩ የፈቃድና የመርህ ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ፈርምዌር ሠሪዎቹ የሚሰጡት ኮዱ ሳይታይ ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ለምሳሌ ኮዱ ያልተከፈተን ነገር ከመጫኛው ለይቶ ሲያስቀምጥ ኖሮ ፈርምዌርን አብሮ ማካተት የጀመረው በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው በ12ኛው እትሙ ነው።

ድራይቨሩም ቢሆን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ለብሮድኮም ኩባንያ የዋይፋይ ካርዶች ክፍት የሊኑክስ ድራይቨር ባልነበረበት ዘመን በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን ኮዱ ያልተከፈተውን ድራይቨር እየፈታ የካርዱን ጠባይ በጽሑፍ መዘገበ፣ ሌላኛው ወገን የሰው ኮድ ሳያይ በዚያ ጽሑፍ ብቻ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ሥራቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ ገባ። ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሰው ዛሬ ላፕቶፕ ከፍቶ ዋይፋዩ ያለ ሐሳብ ሲገናኝለት የነዚያ ሰዎች ሌሊት አብሮ እንዳለ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ፈርምዌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚገባው በዋይፋይ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። እኔ ስልኬን በቻርጀር ኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አበራሁ። ከርነሉ ወዲያው አዲስ መስመር ጻፈ፤ አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ መጥቷል፣ የኔትወርክ ካርድ ነው ብሎ መዘገበው። ስልኩ ለላፕቶፑ የኔትወርክ ካርድ ሆነለት። የፈርምዌሩን ጥቅል አወረድን፣ ሞድፕሮብ በሚባለው ትእዛዝ ድራይቨሩን አውጥተን መልሰን ጫንነው። «-2» የሚለው መስመር ቀርቶ የፈርምዌሩ የእትም ቁጥር ተጻፈ፤ የጎረቤቶቻችን የዋይፋይ ስሞችም ተደረደሩ።

ሁሉም ችግር እንዲህ ቀና አይደለም። ትናንት ሲሠራ የነበረ ነገር ከአፕዴት በኋላ ከቆመ፣ ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው ምርጫ የቀድሞውን ከርነል መርጬ አስነሳለሁ፤ አብዛኞቹ ስርጭቶች አሮጌውን ሳያጠፉ ያቆዩታል። በአሮጌው ከሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፍለጋ ከርነል አዘጋጆቹ የሚያካሂዱት ጊት ባይሴክት በሚባል ዘዴ ነው፤ በሚሠራውና በማይሠራው እትም መካከል ካሉት ለውጦች መሃለኛውን ይሞክራሉ፣ ግማሹን ይጥላሉ፣ የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላሉ። አሥር ሺህ ለውጥ ቢኖር በ14 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ይለያል።

ማሽኑ ጨርሶ ከደረቀ፣ ከርነሉ ፓኒክ ብሎ ከቆመ፣ ድራይቨሩን ከመጠርጠሬ በፊት ራሙን አያለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ላይ የሚወድቅ፣ ቦታው የማይታወቅ ብልሽት ብዙ ጊዜ የራም ነው። ራሙን አውልቆ የወርቅ ቅብ ጥርሱን በላጲስ ማጽዳትና ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ማሠራት ከብዙ መላምት ያድናል።

ልጁ በሳምንቱ በቴሌግራም የስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሲሰካ ከርነሉ «ስህተት -110» እያለ እየደጋገመ ይጽፋል። -110 ማለት «ጠየቅኩት፣ በጊዜው አልመለሰልኝም» ነው። ኬብሉን እንዲቀይር ልጽፍለት ስል ሁለተኛው መልእክቱ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ትርጉሙን አይቼ ኬብሉን ቀየርኩት። ገብቷል።»