ሮም ስትሄዱ ኮሎሲየምን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፦ እኛን የሚመለከቱ አራት ቦታዎች

ሰሞኑን በሮም በኩል የምታልፉ ልጆች "አንድ ሁለት ቀን አለን፣ ምን እንይ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁን ነበር። ኮሎሲየምን፣ ትሬቪን፣ ቫቲካንን ማንም ይነግራችኋል፤ እነሱንም እዩ። እኛ ግን ዛሬ የምንነግራችሁ ብዙ አስጎብኚ ዝም ብሎ ስለሚያልፋቸው አራት ቦታዎች ነው። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ያልቃሉ፣ ለማየትም ሳንቲም አይጠየቅባቸውም። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

1. የዶጋሊ ሐውልት

ከኤርፖርት በባቡር ስትመጡ የምትወርዱት ቴርሚኒ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ "ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ" ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። የትኞቹ አምስት መቶ? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር! በየቀኑ ስንት ሐበሻ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፣ ስሙን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ ሪፑብሊካ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ደቂቃ ስትራመዱ ትንሽ አትክልት ቦታ ውስጥ የሟቾቹን መታሰቢያ ታገኛላችሁ። ከላይ የቆመው ድንጋይ ራሱ የጣሊያን አይደለም፤ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ሐውልት ነው።

በፋሺስት ወረራ ዘመን ደግሞ ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እዚህ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ ደረስ የሚባለው ወጣት ኤርትራዊ አንበሳውን እዚህ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ተብሎ ተዘግቶበት እዚያው ጣሊያን በ1937 ዓ.ም. አረፈ። አንበሳው ግን ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ታክሲ ስንጠብቅ የምናየው እሱን ነው።

2. የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ

ከቴርሚኒ ሜትሮ ቢ መስመርን ይዛችሁ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። (ፌርማታ የሚለውን ቃል እነሱም እንደኛው ነው የሚሉት፤ ያመጣነው ከእነሱ ነው።) ስትወጡ የምታዩት ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ግን ቅኝ ግዛቶችን ለሚያስተዳድረው የጣሊያን ሚኒስቴር ነበር። 24 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልታችንን በ1929 ዓ.ም. ጭነው ወስደው ያቆሙትም ከዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነው።

ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር። ሐውልቱ አክሱም የደረሰው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ቆጥሩት፣ 58 ዓመት! ሦስት ቦታ ተከፍሎ በግዙፍ የአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ጉዞ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተተክሎ ተመረቀ።

ዛሬ ቦታው ላይ መኪና ይሽከረከራል። "ታዲያ ምን እናያለን?" ትሉ ይሆናል። ሐውልቱ የሌለበትን ቦታ ነው የምታዩት። እኛ ግን ሮም ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ ደስ የሚለው ባዶ ቦታ ይሄ ነው እንላለን።

3. የአበበ የመጨረሻ ሩጫ

እዚያው ቆማችሁ ወደ ኮሎሲየም አቅጣጫ ተመልከቱ። በዛፍ የተሸፈነው ቀጥ ያለ መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ይባላል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት ላይ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት መንገድ ነው። ያኔ ሐውልቱ ገና አልተመለሰም፤ በተዘረፈበት ቦታ ቆሞ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን መጥቶ፣ አፈትልኮ የወጣው በዚሁ በሐውልቱ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘች ገና 24 ዓመቷ ነበር።

ይህን መንገድ በእግራችሁ ሂዱት፤ ቀስ ብላችሁም ብትሄዱ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ግድግዳው ላይ ለድሉ 50ኛ ዓመት የተለጠፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ ስላለ ዓይናችሁን ክፈቱ። ያን ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነበር የሮጠው። መንገዱ ሲያልቅ ቅስቱና ኮሎሲየሙ ፊታችሁ ናቸው። አሁን ፎቷችሁን ተነሱ!

4. የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን በቫቲካን

ይሄኛውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ "ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ"፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ500 ዓመት በፊት ከኢየሩሳሌም አልፈው የሚመጡ መነኮሳቶቻችን ማረፊያቸው ነበር። ከመካከላቸው አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ውስጥ አሳትመዋል። ከዚያም በፊት፣ በ1505 ዓ.ም.፣ በማተሚያ ቤት የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የወጣው ከዚችው ከተማ ነው። ቦታው የቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደልብ አይገባም። በቫቲካን የአትክልት ሥፍራ ጉብኝት ቀድማችሁ ከተመዘገባችሁ አካባቢውን የማየት ዕድል አላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ኮሎሲየምና የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ነጻ ናቸው፤ የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ የመጨረሻው እሑድ። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፣ በጠዋት ድረሱ። የኮሎሲየም ቲኬት በስም ስለሚቆረጥ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ። ባዚሊካው ውስጥ ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ለእኛ ሰው ነጠላ ይበቃል። ውሃ አትግዙ፣ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈሰው የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። ማኪያቶ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ይረክሳል፤ ከተቀመጣችሁ ብዙ ቦታ ይወደዳል። ቴርሚኒና ሜትሮ ውስጥ ስልካችሁን የኋላ ኪስ እንዳታስቀምጡ፣ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። እንጀራ ካማራችሁ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እዚያው ቴርሚኒ ዙሪያ ናቸው።

አውሮፓ ተወልደው ያደጉ ልጆች ያሏችሁ፣ በተለይ ሦስተኛውን አትዝለሉት። ልጁን ሐውልቱ ከነበረበት ቦታ አስነሱትና እስከ ቅስቱ አሩጡት፤ ታሪኩን እዚያ ስትደርሱ ንገሩት። ሮም ያላችሁ ደግሞ የአበበን መታሰቢያ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልን፤ ለሚሄዱት መንገድ ማሳያ ይሆናቸዋል።