ቁልቁለቱ ያታልላል
ከማራቶን በፊት ስላሉት ወራት

የማራቶን ሩጫ ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉንም ሁሉ ይተርከዋል። ስለዚያ ምሽት ብዙ ሲነገር፣ ከዚያ በፊት ስለነበሩት የልምምድ ወራት ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። እኔም ነገሩን የተረዳሁት በዚህ ዓመት ራሴ ለማራቶን ተነሥቼ አምስት ወር ያህል ከደከምሁ በኋላ ነው።

የምኖረውና የምሠራው ደሴ ነው። ከተማችን በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቅ ባለው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ከማራቶን ርቀት ብዙም አይለይም። ይህን ሳሰላ መንገዱ ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ።

ስሕተቴም ከዚህ ጀመረ። ገና በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ማለዳ ከፒያሳ ተነሥቼ ቁልቁል ለቀቅሁት። እግሬ የራሴ እስከማይመስለኝ ድረስ ቀለለኝ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሰዓቴን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። በታክሲ ተመለስሁ። በማግሥቱ ግን የቢሮውን ደረጃ የወረድሁት ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ብደግም ጉልበቴ እንቢ አለ፤ አራት ሳምንትም አስቀመጠኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዳገት ሲወጣ የታፋ ጡንቻ እየተኮማተረ ይሠራል። ቁልቁለት ሲወረድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ የገላን ክብደት መግታት አለበት፤ በዚህም በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ትንፋሽ አይቸግርምና ሯጩ የተጎዳ አይመስለውም።

በጉብዝናቸው ወራት ወታደር ቤት ሲሮጡ የነበሩ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሳነክስ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና ውረድ፤ በእግርህ ውጣ» አሉኝ።

«አባባ፣ ዳገቱ አይገድለኝም?»

«አያስሮጥህም እንጂ አይገድልህም» አሉ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ሐረጎ እወጣለሁ፤ ረጅሙን ሩጫ ደግሞ በቦሩ ሜዳ በኩል፣ ከጓደኛ ጋር ለማውጋት በሚያስችል ዝግታ እሮጣለሁ። ዝግታው መጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ እየቀደሙኝ ይስቁ ነበርና።

በዚህ መካከል የሌሎች ታሪክ በሌላ ዓይን ታየኝ። አበበ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ በፊት፣ ሁለት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ሆኖም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ይህን ብዙዎች ተአምር ይሉታል። እኔ ግን ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር በየዓመቱ ያጠራቀመው ልምምድ ለክፉ ቀን የደረሰለት ይመስለኛል።

ታምራት ቶላም በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ተተክቶ ገባና፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በዚያ መንገድ ነሐሴ 4 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ በአዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከሜዳልያው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ፣ መጠራት አለመጠራቱን ሳያውቅ ልምምዱን አለማቋረጡ ነው። ተጠባባቂ ተብሎ ማን ማልዶ ይነሣል?

የእኔ የልምምድ ደብተር ላይ አራት ሳምንት ባዶ ነው። አንድ ምሽት አፍሬ ልሞላው እርሳስ አንሥቼ ነበር፤ ጉልበቴ ሲያመኝ ተውሁት። ውድድሩ የፊታችን እሑድ ነው። ለዚህ ሳምንት የተጻፈው ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ ሲሆን የቀረው ዕረፍት ነው፤ ከአምስቱ ወር ሁሉ የከበደኝም ይኸው ዕረፍት ሆኗል።