የአሠራር ሥዕልን በክንውን መዝገብ ስለ መጠገን

ለውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ግዥ የተዘጋጀ የአሠራር ሥዕል እንውሰድ። ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ኃላፊው ያጸድቃል፤ ዕቃው ተገዝቶ ንብረት ክፍል ይገባል፤ በመጨረሻም ክፍያ ይፈጸማል። ሥራው በተግባር ሲከናወን ግን ከሥዕሉ ወጣ ማለቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ መታረም ያለበት ሥዕሉ ነው ወይስ አሠራሩ?

ለመልሱ መነሻ የሚሆነው የክንውን መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢያንስ የጉዳዩን መለያ ቁጥር፣ የተፈጸመውን ተግባር እና የተፈጸመበትን ጊዜ መያዝ ይኖርበታል። በወቅቱ በኔዘርላንድ የአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዲርክ ፋላንድ እና ቪል ቫን ደር አልስት እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ጥናት ነባሩን ሥዕል ጥሎ ከመዝገቡ አዲስ ከመሳል ይልቅ፣ የሚገጥመውን ክፍል ጠብቆ ያልገጠመውን ብቻ መጠገን የሚቻልበትን ዘዴ አሳይተዋል።

በዘዴው መሠረት ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ጉዳይ ከሥዕሉ ጋር ደረጃ በደረጃ ያስተያያል፤ ልዩነቱ እጅግ አነስተኛ የሚሆንበትንም አገጣጠም ይመርጣል። ልዩነቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሥዕሉ የሌለ ተግባር በመዝገቡ ይገኛል፣ ወይም ሥዕሉ የሚያዝዘው ተግባር በመዝገቡ ይታጣል። በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ተጨማሪ ተግባራት እንደ ንዑስ ሂደት በዚያው ቦታ ይገባሉ። ለሚታለፈው ተግባር የማለፊያ መንገድ፣ ለሚደጋገመው ደግሞ የመመለሻ መንገድ ይበጅለታል።

ከ100 የግዥ ጉዳዮች በ40ው፣ ኃላፊው ከማጽደቁ በፊት ባለሙያ መለዋወጫው ለፓምፑ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጧል እንበል። ይህ በሥዕሉ ባይኖርም ሊጨመር የሚገባው ተግባር ነው፤ የማይገጥም ዕቃ ከተገዛ መንደሩ ያለ ውኃ ይቆያልና። በሌሎች 6 ጉዳዮች ደግሞ ዕቃው ሳይገባ ክፍያ ተፈጽሟል እንበል። ኮምፒዩተሩ የሚያየው መግጠምና አለመግጠምን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ያለ ልዩነት ወደ ሥዕሉ ሊያስገባ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ሕጋዊ አሠራር ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ከጥገናው አስቀድሞ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ልዩነቶቹን አንድ በአንድ መርምረው የሚገባውን ከማይገባው ሊለዩ ይገባል።

መዝገቡም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። የንብረት ሠራተኛው የወሩን ገቢ ሁሉ በወሩ መጨረሻ የሚመዘግብ ከሆነ፣ በሥርዓቱ የተከፈለው ክፍያ ዕቃው ሳይገባ የተከፈለ መስሎ ይታያል፤ ያላጠፋ ሰውም ይጠየቃል። በመሆኑም ተግባሩ የተፈጸመበት ቀን እና የተመዘገበበት ቀን በየራሳቸው ዓምድ ቢጻፉ፣ ለሥዕሉም ሆነ ለሠራተኛው ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ይቻላል።