ሩጫና የቡድን የእግር ጉዞ በአዋሽ ሸለቆ፦ ለበጎ አድራጎት ዝግጅት የሥልጠና ጫናን ስለማመጣጠን

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚደረግ ረጅም የእግር ጉዞ በቡድን የሚካሄድ ሲሆን፣ በቡድኑ ውስጥ የረጅም ርቀት ሯጭ ካለ ሁለት ግምቶች ወዲያው ይፈጠራሉ። ባልደረቦቹ «እርሱ ስላለ አንቸገርም» ይላሉ፤ ሯጩ ደግሞ የጉዞውን ቀን ከሩጫ ያረፈበት ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ግምቶች የተሳሳቱ ናቸው። በደጋማ ከተሞች ስሕተቱ በድካም ብቻ ሊታለፍ ይችላል። በአዋሽና በሰመራ ግን ሙቀቱ ለስሕተት የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው፤ አደጋውም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሯጩ ላይ ሳይሆን ከኋላው በሚከተለው ሰው ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የዚህ ዓይነት ዝግጅት የታወቀው ምሳሌ ትሬይልዎከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሆንግ ኮንግ የጉርካ ወታደሮች ልምምድ ሆኖ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ከኦክስፋም ጋር በመተባበር ለሕዝብ ተከፈተ። አራት ሰዎች 100 ኪሎ ሜትሩን በ48 ሰዓት ውስጥ አብረው መጨረስ ይጠበቅባቸዋል። በኢትዮጵያ ከበጎ አድራጎት ጋር ይበልጥ የተያያዘው ሩጫ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ነው። በእግር ጉዞ በኩል ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ የሚደረገው ጉዞ ዓድዋ ቢጠቀስም፣ ዓላማው ታሪክን መዘከር ነው። በሩጫው እያንዳንዱ ተሳታፊ በአቅሙ ይሮጣል፣ በአቅሙም ይገባል። በቡድን ጉዞ ግን ሰዓቱ የሚቆመው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው። የሥልጠናው ጥያቄ የሚለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስፍራው

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በጅቡቲው አውራ ጎዳና ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቃ የምትገኘው ሰመራ ደግሞ ወደ 430 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከግንቦት እስከ ሐምሌ በሰመራ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ረገብ ይላል። ከ2300 ሜትር በላይ ከምትገኘው አዲስ አበባ ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ስሜት አታላይ ነው። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ6 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ቁልቁል መውረድ ትንፋሽን ያቀላል። ማልዶ ለአጭር ጊዜ የሮጠ ሰው እንደ በረታ ይሰማዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የሮጠ ግን ከከፍታው ያተረፈውን ሁሉ ለሙቀቱ ያስረክባል።

ይህ ኪሳራ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ብስክሌት ነጂዎች በተመሳሳይ ጥረት እስኪዝሉ ድረስ የቆዩበትን ጊዜ አነጻጽሮ ነበር፤ በ11 ዲግሪ ወደ 93 ደቂቃ፣ በ21 ዲግሪ ወደ 81 ደቂቃ፣ በ31 ዲግሪ ወደ 51 ደቂቃ ብቻ ሆነ። ቁጥሮቹን በአደባባይ ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ በእኩለ ሌሊት ቢጀመርም፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ወበቅ ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት አቋርጠው ወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወበቁ ረገብ ባለበት ሌሊት በዚያው ከተማ በተደረገው የወንዶች ውድድር ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። በደጋ የተገነባ ብቃት በወበቅ ውስጥ በራሱ ዋስትና አይሆንም።

ጫናን በኪሎ ሜትር መለካት ለምን ያታልላል

አብዛኛው ሯጭ የሳምንቱን ሥራ በኪሎ ሜትር ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ 24 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ከ24 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ሜዳማና ጠንካራ መሬት ላይ በኃይል ፍጆታ ረገድ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሎጊያና የሰመራ ዙሪያ መሬት ሁሉ አስፋልት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለዠንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት አሸዋ ላይ መራመድ በጠንካራ መሬት ላይ ከመራመድ ከ2.1 እስከ 2.7 እጥፍ ኃይል ሲጠይቅ፣ አሸዋ ላይ መሮጥ ግን 1.6 እጥፍ ብቻ ጠይቋል። በሌላ አነጋገር ልል መሬት ከሯጭ ይልቅ ተጓዡን ይቀጣል። በዚህ ላይ የውኃና የስንቅ ሸክም ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

የተሻለው መለኪያ አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ፎስተር ያስፋፋው ቀላል ስሌት ነው። ሠልጣኙ ለልምምዱ ከ0 እስከ 10 ባለው ሚዛን የጥረት ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም ቆይታው በወሰደው ደቂቃ ይባዛል። ለ90 ደቂቃ በነጥብ 5 የተሮጠ ሩጫ 450 ይመጣል። በነጥብ 3 ለስድስት ሰዓት የተደረገ «ቀላል» ጉዞ 1080 ይሆናል። ስሌቱ በጣም ረጅምና ዝግ ያለ ጥረትን አጋንኖ ያሳያል የሚል ትችት ይቀርብበታል፤ ትችቱም መሠረት አለው። ሆኖም ግምቱ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ጉዞው ከሩጫው አይተናነስም። ስለዚህ በእሑድ ጉዞ፣ በቅዳሜ ረጅም ሩጫ፣ በማክሰኞ ፈጣን ልምምድ አድርጎ «አንድ ቀን አርፌአለሁ» የሚል ሯጭ በእርግጥ አላረፈም።

ሌላው የተደበቀ ወጪ ቁልቁለት ነው። ለአዋሽ ከተማ ቡድኖች ፈታኙ አቀበት ፈንታሌ ነው፤ ጫፉ ወደ 2007 ሜትር ስለሚደርስ ከከተማው ደረጃ 1000 ሜትር ያህል መውጣትና መውረድ ይጠይቃል። በመውረድ ጊዜ የጭን ጡንቻዎች እየተሳቡ ሸክም ስለሚይዙ የጡንቻ ጭረቶች ይጎዳሉ፤ ሕመሙም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ልብና ሳንባው ያረፈ ሯጭ ማክሰኞ ዕለት እግሩ እምቢ ሲለው ምክንያቱን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። መልካሙ ነገር አንድ ጊዜ መጠነኛ ቁልቁለት የለመደ ጡንቻ ለሳምንታት የሚቆይ መከላከያ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ከሥልጠና ውጭ የሆነ አንድ ነገር መነሣት አለበት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ተራራውን መዳረሻ ለማድረግ የሚያስብ አዘጋጅ የወቅቱን የአካባቢ አስተዳደርና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ፈቃድ ሳያገኝ፣ ስካውትም ሳይዝ መነሣት የለበትም።

የአንድ ሰው ቀላል፣ የሌላው ከባድ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። የእግር ጉዞ የኦክስጅን ፍላጎት በስፖርት ሕክምና በተለመደው ቀመር ሲሰላ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ መራመድ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 13.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠይቃል። መንገዱ 5 በመቶ ሽቅብ ካዘነበለ ፍላጎቱ ወደ 22.5 ያድጋል። ከፍተኛ አቅሙ 65 ለሆነ ሯጭ ይህ የአቅሙ 35 በመቶ ነው፤ እያወራ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ ይሄደዋል። ከፍተኛ አቅሙ 30 ለሆነ የቢሮ ሠራተኛ ግን 75 በመቶ ነው፤ ይህን ጥረት ለሰዓታት ሊሸከም አይችልም። ፍጥነቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ቢወርድ እንኳ ሁለተኛው ሰው ከአቅሙ 54 በመቶውን ያወጣል። ወደ 3 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ነው 43 በመቶ ላይ ደርሶ መጽናት የሚጀምረው። ሯጩ «እየተንፏቀቅን ነው» ብሎ የሚያማርርበት ፍጥነት ለባልደረባው ትክክለኛው ፍጥነት ሊሆን ይችላል።

ሙቀት ይህን ልዩነት ያሰፋዋል። ኢሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ የተካሄዱ የበርካታ ማራቶኖችን ውጤት መርምረው፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሁሉም እንደሚዘገይ፣ ኋለኞቹ ግን ከፊተኞቹ የበለጠ እንደሚዘገዩ አሳይተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ዝግተኛው በፀሐይ ሥር የሚቆይበት ሰዓት የበዛ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአዲስ አበባ ሯጮች መካከል የኖረው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ በጥናቱ ትኩረት ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ፣ በሰልፍ ሆነው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ የመሮጥ ልማድ ነው። ጥረትን መጋራት ለኢትዮጵያዊ ሯጭ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። ለቡድን ጉዞ ልማዱ ይጠቅማል፤ የሰልፉ ቅደም ተከተል ግን መገልበጥ አለበት። ፍጥነት አውጪው በቡድኑ ውስጥ ዝቅተኛ አቅም ያለው ሰው ይሆናል፤ ሯጩ የኋላ ጠባቂ ሆኖ ተጨማሪውን ውኃ ይሸከማል። በዚህ ሸክም የሯጩም ልምምድ ትርጉም ያገኛል፤ የቡድኑን ፍጥነት ሳይነካ የራሱን ጥረት ከፍ ያደርጋል።

ውኃ፣ ጨውና ሰዓት

ሯጭና ተጓዥ የሚጋፈጧቸው አደጋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ግራ የመጋባት ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ፈጣን እርምጃ የሚሻ የሙቀት ምት ነው። ሕጉ በመጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ከሰመራ በቅርብ ርቀት የዱብቲ ሆስፒታል ቢኖርም፣ በመንገድ ላይ የሚባክኑት ደቂቃዎች ውድ ናቸው። የአዋሽ ወንዝ አዞ ስላለበት ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ በአጃቢው መኪና በርሜል ሙሉ ውኃና አንሶላ መያዝ ግድ ይላል።

ለረጅም ሰዓት በዝግታ የሚጓዘው ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት፤ በላብ ካወጣው በላይ ውኃ ጠጥቶ የደሙን ሶዲየም ማቅጠን። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ ሃይፖናትሬሚያ በሚባለው በዚህ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል፤ ከአራት ሰዓት በላይ የቆዩትና በሩጫው ጊዜ ክብደት የጨመሩት ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። «ጠጡ፣ ጠጡ» የሚለው የቆላ ምክር ስለዚህ መጠን ያስፈልገዋል። ከልምምድ በፊትና በኋላ መመዘን የእያንዳንዱን ሰው የላብ መጠን ያሳያል፤ ከጉዞ ከብዶ የተመለሰ ሰው አብዝቶ ጠጥቷል። የአፍዴራን ጨው በሚያመርት ክልል የጨው ቁራሽ አለመያዝ ሰበብ የለውም።

ሙቀትን መላመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደም ፕላዝማ መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምት ይረጋጋል፤ ላብ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል። ከሙቀቱ ሲርቁ ይህ ትርፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ከደጋ የሚመጡ ተሳታፊዎች በዋዜማው በአውቶቡስ ደርሰው በማግስቱ ቢጓዙ ያለ መከላከያ ነው የሚገቡት። ለመነሻ ሰዓት የቴርሞሜትር ንባብ ብቻውን አይበቃም። ደብሊውቢጂቲ የሚባለው መለኪያ ለእርጥበት 70 በመቶ፣ ለፀሐይ ጨረር 20 በመቶ፣ ለአየሩ ሙቀት 10 በመቶ ብቻ ክብደት ይሰጣል፤ ከወንዙ ዳር የመስኖ እርሻ አጠገብ የሚጓዝ ቡድን ከደረቁ ሜዳ ይልቅ የሚጨነቀውም ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ነጥቦች የሚወጣው የሳምንት መርሐ ግብር ውስብስብ አይደለም። የ12 ሳምንት ዝግጅት ቢኖር፣ የቡድን ጉዞው በየሁለት ሳምንቱ የረጅሙን ሩጫ ቦታ ይወስዳል እንጂ በላዩ አይደረብም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ያበቃል፤ ቆይታው ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ያድጋል። ከጉዞው በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ለዝግታ ሩጫ ወይም ለዕረፍት ይተዋሉ፤ ፈጣኑ ልምምድ ወደ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሸጋገራል። በጉዞ አልባው ሳምንት ረጅሙ ሩጫ ይመለሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆይታን ይቀንሳሉ እንጂ ሙቀቱን አይሸሹም፤ ተላምዶው እንዳይጠፋ አጫጭር ሩጫዎች ፀሐይ ባለበት ሰዓት ይደረጋሉ። በረመዳን የቡድን ጉዞ አይታቀድም፤ ጾመኛ አባላት ከአፍጥር በኋላ በቀላሉ ይሮጣሉ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም በእነዚህ ዓመታት ከቀዝቃዛዎቹ ወራት ጋር መገጣጠሙን የቀን መቁጠሪያ የሚያወጣ አዘጋጅ ማስተዋል ይኖርበታል፤ ለጉዞ የሚመቹት ወራት ያን ያህል ይጠባሉና።

መንገዱን በተመለከተ ከማንኛውም ካርታ ቀድሞ የሚጠየቀው የአካባቢው አርብቶ አደር ነው። በአፋር ባህል መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ዜና የሚለዋወጡበት ዳጉ፣ የትኛው የውኃ ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ የትኛው ደረቅ ወንዝ ትናንት ማታ ጎርፍ እንዳወረደ ይናገራል። ለዳጉ መቆም ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ የጉዞው ሰዓት ሲሰላ ይህም አብሮ ይታሰባል።