ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያረጀ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር መቼ ይቀየራል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ግድግዳቸው ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆነ ብዙ ቤቶችን ያያል። የቆዩት ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋላቸው የታሰበው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያና ማቀዝቀዣ ይጨመርበታል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ እንመርገዋለን፤ ቆርቆሮው ሲዝግ እንቀይረዋለን። በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የተደበቀው ሽቦ ግን እርጅናው ስለማይታይ ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ ሽቦ እንዴት እንደሚያረጅ፣ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑና ጥገና የሚበቃው መቼ፣ ቅያሬ የሚያስፈልገውም መቼ እንደሆነ እንመለከታለን።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው ጅረቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። ይህን በቁጥር እንየው። በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ቮልቴጅ 220 ቮልት ነው። ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖሎችና አንድ ባለ 40 ዋት ቴፕ በድምሩ 220 ዋት ስለሚወስዱ፣ በሽቦው የሚያልፈው ጅረት 1 አምፔር ይሆናል። 3500 ዋት ገደማ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይስባል። ጅረቱ 16 እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ 256 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትር 0.012 ኦም ያህል ሙግደት አለው። ምጣዱ ከቆጣሪው 10 ሜትር ቢርቅ፣ የሽቦው መሄጃና መመለሻ 20 ሜትር፣ ሙግደቱም 0.24 ኦም ይሆናል። አምፖሎቹና ቴፑ ብቻ ሲሠሩ በዚህ ሽቦ የሚፈጠረው ሙቀት ሩብ ዋት አይሞላም፤ ምጣዱ ሲሰካ ግን ከ60 ዋት ያልፋል።

ከዚህ የባሰው መጋጠሚያው ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ላልቶ ሙግደቱ ግማሽ ኦም ቢደርስ፣ በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። የሁለት አምፖሎች ሙቀት የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል ማለት ነው፤ በዚያች ቦታ አጠገብ ያለው ደግሞ ደረቅ እንጨት፣ ጭድ ወይም የኮርኒስ ጨርቅ ሊሆን ይችላል።

የሚያረጀው ምኑ ነው?

መዳቡ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ቀድሞ የሚያረጀው የፕላስቲክ ልባሱ ነው። የተለመደው ልባስ ሳይጎዳ ሊቋቋም የሚችለው የዘወትር ሙቀት 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከዚህ በላይ ደጋግሞ ሲሞቅ የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር እየተነነ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አይጥም ልባሱን ይቆረጥመዋል። ክረምት ሲገባ የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ በተሰነጠቀው ልባስ በኩልም ጅረት ወደ ግድግዳው ሊያመልጥ ይችላል። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ደግሞ ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል።

ምልክቶቹ

አንደኛ፣ ምጣድ ሲሰካ መብራት ይደክማል። የጎረቤትም መብራት አብሮ ከደከመ ችግሩ ከውጭው መስመር ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ቤታችን የሚገባውን ወይም የውስጡን መስመር መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛ፣ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሦስተኛ፣ ብሬከር በተደጋጋሚ ይወርዳል ወይም ቫልቮላ ይቃጠላል። አራተኛ፣ የምጣዱን ብረት ወይም እርጥብ ግድግዳ የነካ ሰው ይነዝረዋል። ይህን ምልክት በፍጹም መናቅ አይገባም። እጇ በሊጥ የራሰ፣ በአፈር ወለል ላይ ቆማ የምትጋግር እናት ከማንም በላይ ለአደጋው የተጋለጠች ናት።

ብሬከር ሲወርድ ወይም ቫልቮላ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ የሚደረገው መፍትሔ ግን አደጋውን ያብሰዋል። በተቃጠለው ቫልቮላ ፈንታ ወፍራም መዳብ ይታሰራል፤ ወይም ባለ 10 አምፔሩ ብሬከር ተነስቶ ባለ 25 አምፔር ይተካል። ብሬከር ግን የተቀመጠው ምጣዱን ለመጠበቅ አይደለም፤ ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደመተው ይቆጠራል።

ጥገና ወይስ ቅያሬ?

ጉዳቱ በአንድ ሶኬት ወይም በአንድ መጋጠሚያ ብቻ ከሆነ ጥገና ይበቃል። ልባሱ በብዙ ቦታ ከተሰነጠቀ፣ የምጣዱ መስመር ከመብራቱ ሽቦ ላይ የተቀጠለ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ የምድር መስመር (ግራውንድ) ከሌለው ግን መቀጣጠሉ አያዋጣም። እርግጡን የሚነግረን ልኬት ነው። ባለሙያው ኃይሉን አቋርጦና ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ በ500 ቮልት የልባሱን ሙግደት ይለካል፤ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ልባሱ ተዳክሟል።

በአዲሱ አሠራር ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ይዘረጋል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ መጋጠሚያዎቹም በስካቶላ ውስጥ ይሆናሉ። በ30 ሚሊ አምፔር የጅረት ማምለጥ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ቢታከልበት የሰው ሕይወት ያድናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት አቅም ካነሰ፣ በቅድሚያ የምጣዱ መስመርና የምድር መስመሩ ይሠሩ።

ውድ አንባብያን፣ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ሥራው የባለሙያ ስለሆነ ሽቦ እንድትነካኩ አንመክርም። ማየት፣ ማሽተትና ማስላት ግን የሁላችንም ድርሻ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰባችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያ የምጣዱ ሽቦ ከየት እንደሚነሳ ተመልከቱ።