ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ይዘን ለምን እንገፋለን?

አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶልናል። ዳገቱ ግን እዚያው ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ወይም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮሜዳ በብስክሌት የምትወጡ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ትንፋሽ ራሱ ውድ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ወገብ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ የሚወጣ ወጣት ማየት የተለመደ ሆኗል።

ብስክሌቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሲገዛው “ባለ 21 ማርሽ ነው” ተብሎ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱ ግን ከፊት ካሉት ሦስት ማርሾች በትልቁ ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል። በግራ እጅ የሚቀየረው ማርሽ “አይሠራም” ተብሎ ከተተወ ቆይቷል።

የእኔ ክርክር ቀላል ነው። ብዙዎቻችንን ዳገት ላይ ከብስክሌት የሚያወርደን የጉልበት ማነስ ሳይሆን ይሄ የተረሳ የፊት ማርሽ ነው። ማስተካከሉ ደግሞ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቁልፍና ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ማርሽ ምንዛሪ ነው

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ማርሽን የማየው እንደ ምንዛሪ ነው። ባለ 200 ብር ኖት ይዛችሁ ታክሲ ስትገቡ ረዳቱ “ዝርዝር የለም?” ይላችኋል። ብትመነዝሩት ሀብታችሁ አይጨምርም፤ ያው 200 ብር ነው። ግን ሒሳባችሁን መክፈል ትችላላችሁ። ማርሽም እንደዚያው ነው። ጉልበት አይፈጥርም። አንዱን ከባድ ዳገት ወደ ብዙ ቀላል እርግጫዎች ይመነዝርላችኋል እንጂ። ፔዳሉ ይቀላል፣ በምትኩ ብዙ ጊዜ ታዞራላችሁ፣ ቀስ ብላችሁም ትሄዳላችሁ።

እስቲ በቁጥር እንየው። በብዙ ርካሽ የማውንቴን ብስክሌቶች ላይ የፊቶቹ ማርሾች 42፣ 34 እና 24 ጥርስ አላቸው። ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው ሰባት ማርሾች አሉ። ሦስት ሲባዛ በሰባት፣ 21 መሆኑ ነው።

የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ይመጣል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው ሦስቴ ይዞራል ማለት ነው። ጎማው ባለ 26 ኢንች ከሆነ ይሄ 6 ሜትር ያህል መንገድ ነው። ለሜዳና ለቁልቁለት ግሩም ነው። 24 ለ28 ሲካፈል ግን 0.86 ገደማ ነው፤ በአንድ ዙር የምትጓዙት 1.8 ሜትር ያህል ብቻ። ለዳገት የተሠራው ይሄኛው ነው።

አሁን ሰንሰለቱ የፊቱ ትልቅ ማርሽ ላይ የተጣበቀበትን ልጅ አስቡት። ከኋላ ያለውን ቀላሉን ማርሽ ቢያስገባ እንኳ የሚደርሰው 42 ለ28፣ ማለትም 1.5 ድረስ ነው። ትንሹን የፊት ማርሽ ቢጠቀም ኖሮ ፔዳሉ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል በ43 በመቶ ይቀንስለት ነበር። በዚህ ልዩነት ነው ወርዶ የሚገፋው።

በ“21” ቁጥርም አትደነቁ። 42 ለ28፣ 34 ለ22 እና 24 ለ16 ሲካፈሉ ሁሉም 1.5 አካባቢ ናቸው። ሦስት ተብለው የተቆጠሩት በተግባር አንድ ናቸው። ሦስት የፊት ማርሽ የሚጠቅመው ቁጥሩን ስለሚያበዛ ሳይሆን በጣም ቀላሉንና በጣም ፈጣኑን አንድ ብስክሌት ላይ ስለሚያገናኝ ነው።

መቼ እንቀይር?

የፊቱ ማርሽ የመንገዱ ጠባይ ሲለወጥ ነው፤ ሜዳው አልቆ ዳገት ሲጀምር። የኋላው ለጥቃቅን ማስተካከያ ነው። የፊቱን ዳገቱ ሳይጀምር ቀድማችሁ ቀይሩ። ፔዳሉ እየዞረ፣ እግራችሁ ግን ለአፍታ ቀለል ይበል። ዳገቱ መሃል ቆማችሁ በሙሉ ጉልበት እየረገጣችሁ ብትቀይሩ ሰንሰለቱ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ይወልቃል።

ከፊት ትልቁንና ከኋላም ትልቁን፣ ወይም ከፊት ትንሹንና ከኋላም ትንሹን አንድ ላይ አታድርጉ። ሰንሰለቱ ሰያፍ ይሳባል፣ ይንጫጫል፣ ቶሎም ያልቃል።

ብሎኖቹ ድንበር ናቸው

ሰፈራችን ውስጥ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ልጅ አለ። ዳገት ላይ ሲገፋ የሚያልፈው ደቂቃ ለእሱ ገንዘብ ነው። “የፊት ማርሹን ተወው፣ አይስተካከልም” ተብሎ ብዙ ወራት በትልቁ ብቻ ነድቷል። አንድ እሁድ አብረን አየነው። የተሰበረ ነገር አልነበረም። ሽቦው ላልቷል፣ ብሎኖቹ ደግሞ እንደመጣላቸው ተጠምዝዘዋል።

ሰንሰለቱን ከአንዱ የፊት ማርሽ ወደ ሌላው የምትገፋው የብረት ቅንፍ ዲሬለር ትባላለች። ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሏት፤ ብዙ ጊዜ “ኤል” እና “ኤች” የሚሉ ፊደላት ይጻፍባቸዋል። ብዙ ሰው ማርሽ እምቢ ባለ ቁጥር እነሱን ያዞራል። ብሎኖቹ ግን ሰንሰለት አይቀይሩም። ድንበር ብቻ ናቸው፤ ኤል “ወደ ውስጥ ከዚህ አትለፊ”፣ ኤች “ወደ ውጭ ከዚህ አትለፊ” ይላሉ። ወደ ትልቁ የሚጎትታት ሽቦው ነው፣ ወደ ትንሹ የሚመልሳት ሞላ ነው። ይሄን ከለያችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። አንድ ጓደኛችሁ ኮርቻውን ይዞ የኋላውን ጎማ ከመሬት ያንሳላችሁ።

መጀመሪያ አቀማመጧን እዩ። የዲሬለሯ የውጭ ሳህን ከትልቁ ማርሽ ጥርስ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ፣ ከማርሹ ጋር ትይዩ መሆን አለባት። ካልሆነ ማሰሪያዋን አላልታችሁ አስተካክሉ።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን ከዲሬለሯ ፍቱት። ሰንሰለቱን ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ላይ አድርጉ። የኤልን ብሎን እያዞራችሁ የውስጠኛው ሳህን ሰንሰለቱን ሳይነካ፣ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ክፍተት እንዲቆም አድርጉ። ፊደሉ ጠፍቶ ከሆነ ኤል ማለት አሁን ስታዞሩት ዲሬለሯን የሚያንቀሳቅሳት ብሎን ነው።

ሦስተኛ፣ የግራ እጁን ማርሽ 1 ቁጥር ላይ አድርጉ፣ ሽቦውን በእጃችሁ ወጥራችሁ እሰሩት። ከዚያ ወደ 2 ቀይሩ። ወደ መካከለኛው ለመውጣት ከዘገየ፣ እጀታው አጠገብ ሽቦው የሚገባባትን ትንሽ ማስተካከያ ወደ ውጭ እየፈታችሁ ሽቦውን አጥብቁት። ለመውረድ ከዘገየ ደግሞ በተቃራኒው።

አራተኛ፣ ከፊት ትልቁ፣ ከኋላ ትንሹ ላይ አድርጉና በኤች ብሎን የውጭውን ሳህን በዚያው ጠባብ ክፍተት አቁሙት።

ከዚያ በኋላ ብሎን ስትነኩ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ሞክሩ። ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ ከወለቀ ኤልን፣ ወደ ውጭ ከወለቀ ኤችን አጥብቁ። ትልቁ ላይ አልወጣ ካለ ግን መጀመሪያ ሽቦውን እዩ፤ ኤችን ማላላት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሽቦው ዝጎ ከሆነ፣ ሳህኑ ከተጣመመ ወይም የማርሾቹ ጥርስ ከሾለ ይሄ ሁሉ አይሠራም፤ ዕቃው መቀየር አለበት። ያኔ ወደ ጠጋኙ ሂዱ። ነገር ግን ችግሩን ለይታችሁ ስትሄዱ “ሁሉም ይቀየር” የሚል ዋጋ አትከፍሉም። ገበያ ላይ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ማን እንደሚጎዳ ለመናገር ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

“የፊት ማርሽ እኮ ጊዜው አልፎበታል” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት አለው። ስራም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፊት አንድ፣ ከኋላ 11 ማርሽ ያለው ሲስተም ለማውንቴን ብስክሌት ካወጣ ወዲህ ውዶቹ ብስክሌቶች በዚያው መንገድ ሄደዋል። የእኛ ሰፈር ብስክሌት ግን አብዛኛው ባለ ሦስቱ ነው። ለሦስቱም ዋጋ ከፍለናል፤ በአንዱ ብቻ የምንነዳበት ምክንያት የለም።

የሰፈራችን ልጅ አሁንም ዳገቱን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ተቀምጦ ግን ነው። እናንተም ቅዳሜ ወይ እሁድ ግማሽ ሰዓት ስታገኙ ኮርቻውን የሚይዝላችሁ ጓደኛ ጥሩ፣ በግራ እጃችሁ 1 ቁጥርን አስገቡና ሰንሰለቱ ይወርድ እንደሆነ እዩ። ካልወረደ ከሽቦው ጀምሩ።