ሺህ ሦስት መቶ ዓመት የኖረው የቻይና ፈተና

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ይህን አሳብ ከአፍ አልፎ የመንግሥት ሕግ ያደረገ፥ ሹመትንም በትውልድ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነት ብቻ ሳይሆን በወረቀትና በቀለም የሰጠ አገር ቢኖር ቻይና ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ከ605 ዓ.ም. እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር ሲደረግ ስለ ኖረው የመንግሥት ፈተና ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፈተናውን የጀመሩት የሱይ ነገሥታት ናቸው። በዚያ ዘመን ታላላቅ ቤተ ሰቦች ሹመትን እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ያወራርሱት ስለ ነበረ፥ ቤተ መንግሥቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የሚታመኑ አዲስ ሰዎችን ይሻ ነበረ። በኋላም የሶንግ ነገሥታት (960–1279) ሥርዓቱን ይበልጥ አስፋፉት። ጎረቤቶቹም አገሮች፥ ኮሪያ በ958 ቪየትናም ደግሞ በ1075፥ ይህንኑ አብነት ተከትለው የየራሳቸውን ፈተና አቆሙ።

ፈተናው እንደ መሰላል በደረጃ የሚወጣ ነበረ። ተማሪው በመጀመሪያ በተወለደበት አውራጃ ይፈተናል። ያን ያለፈ በየሦስት ዓመቱ በጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ለሚደረገው ፈተና ይቀርባል። ከዚያም በዋናው ከተማ ይፈተንና፥ በመጨረሻ በቤተ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ለሚደረገው ፈተና ይቆማል። ከሁሉም የሚከብደው ሁለተኛው ደረጃ ሲሆን፥ በኋለኛው ዘመን ከመቶው ተፈታኝ ሁለት ሰው እንኳ ማለፉ ያጠራጥር ነበረ።

በናንጂንግ ከተማ የነበረው የፈተና ግቢ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ሲሆን፥ በውስጡ የሚገኙት ሁለት ሳንቃዎች ብቻ ናቸው። ቀን አንደኛው ወንበር ሌላው ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ ሁለቱ ሲገጠሙ አልጋ ይሆናሉ። ተፈታኙ ስንቁን፥ የመኝታ ልብሱንና ፖፖውን ሳይቀር ይዞ ይገባል። ፈተናው ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜውም ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ይፈጃል። በዚህ መካከል በሩ ስለማይከፈት፥ በውስጥ የሞተ ተፈታኝ ቢኖር ሬሳው በአጥር ላይ ተሻግሮ ይወጣ ነበረ ተብሎ ይተረካል።

አድልዎ እንዳይደረግ የተወሰደው ጥንቃቄ ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከሶንግ ዘመን ጀምሮ የተፈታኙ ስም በወረቀት ይሸፈናል፤ ይህም ብቻ ሳይበቃ መርማሪው የጽሕፈቱን ዓይነት አይቶ ሰውየውን እንዳያውቅ፥ ጸሐፊዎች መልሱን በሙሉ እንደገና ይገለብጡታል። ሆኖም ጥንቃቄ ባለበት ዘዴ አይጠፋም። ተፈታኞች በበሩ ላይ ልብሳቸው ቢፈተሽም፥ ለዓይን በሚያስቸግር ደቃቅ ጽሕፈት ትምህርቱ በሙሉ የተጻፈባቸው የውስጥ ልብሶች እስከ ዛሬ በቤተ መዘክር ተቀምጠው ይታያሉ።

በሩ በእውነት ለሁሉ ክፍት ነበረን? ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ አዎንም አይደለምም ይሆናል። ሴቶች ከቶ አይፈተኑም ነበረ። የገበሬ ልጅ እንዳይፈተን የሚከለክል ሕግ ባይኖርም፥ ልጁን ከእርሻ ለይቶ ብዙ ዓመት ለማስተማር የሚችል ገበሬ ጥቂት ነበረ። ትምህርቱም ከኮንፊሽየስና ከተከታዮቹ መጻሕፍት የማይወጣ፥ የድርሰቱም አጻጻፍ በጠባብ ደንብ የታሰረ ስለ ሆነ፥ ብልህ ሰው ዕድሜውን የቆየውን ቃል በማጥናት ይጨርስ ነበረ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ፑ ሶንግሊንግ ነው። በ1658 ገና ወጣት ሳለ የመጀመሪያውን ደረጃ አንደኛ ሆኖ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን በሁለተኛው ደረጃ እየወደቀ፥ የሀብታም ቤት ልጆች በማስተማር ኖረ። ባዶ ጊዜውን የቀበሮ መናፍስትንና የሙታንን ተረት በመጻፍ አሳለፈው፤ የተሳሳቱ መርማሪዎችንም በተረቱ ሳይነካ አልቀረም። አነስተኛ ማዕርግ የተሰጠው ዕድሜው 70 ካለፈ በኋላ ነው። እርሱን የጣሉት መርማሪዎች ተረስተዋል፤ የእርሱ ተረቶች ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ሁለተኛው ሰው ሆንግ ሺዩቹዋን ይባላል። በደቡብ ቻይና ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደው ይህ ሰው፥ በ1837 ፈተናውን እንደገና ሲወድቅ በጽኑ ታመመ፤ በሕመሙም መካከል ራእይ አየሁ አለ። በ1843 ዳግመኛ ከወደቀ በኋላ፥ «የኢየሱስ ክርስቶስ ታናሽ ወንድም ነኝ» ብሎ ተነሣ። ከ1851 እስከ 1864 የቆየው የታይፒንግ ጦርነት ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል። የሚያስገርመው ግን፥ ሆንግ በ1853 ናንጂንግን ይዞ መናገሻው ካደረጋት በኋላ፥ እርሱም በበኩሉ ፈተና ማቆሙ ነው! ፈተና የጣለው ሰው እንኳ አገር ያለ ፈተና ትመራለች ብሎ ሊያስብ አልቻለም።

ቻይና በ1895 በጃፓን ከተሸነፈች በኋላ፥ የቆየው ትምህርት መድፍና ባቡር ሊሠራ አለመቻሉ ግልጥ ሆነ። በ1905 ፈተናው በአዋጅ ተሻረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ ወደቀ።

የፈተናው መንፈስ ግን አልሞተም። በባህል አብዮት ምክንያት በ1966 የተቋረጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በታኅሣሥ 1977 እንደገና ሲከፈት፥ ከእርሻና ከፋብሪካ የመጡ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተፈትነው ቦታ ያገኙት 270 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2024 የተመዘገቡት ቁጥር 13.42 ሚሊዮን ደርሷል። ፈተናው በሚደረግበት በሰኔ መጀመሪያ በፈተናው ቦታ አካባቢ የግንባታ ድምፅ ይከለከላል፤ የዘገየውን ተማሪ ፖሊስ ያደርሰዋል፤ እናቶችም ለመልካም ዕድል ቀይ ልብስ ለብሰው በር ላይ ይጠብቃሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቢኖር ይህ ነው። ስምን ሸፍኖ ሥራን ብቻ መመዘን ለማንኛውም አገር የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን መቶ ሰው ተሰልፎ ሁለት ሰው የሚገባበትን በር የሠራ አገር፥ ከውጭ ለሚቀሩት ለዘጠና ስምንቱም ሌላ በር ማዘጋጀት ይገባዋል። ከእነዚያ መካከል ፑ ሶንግሊንግም ሆንግ ሺዩቹዋንም ይገኛሉና።